ጠንካራ ስም ለምትፈልጉ፦ ከ«ደምሰው» ይልቅ «ደረጀ»ን አስቀድሙ

ናታን፣ ኖኤል፣ ሶልያና የሚሉ ለስለስ ያሉ ስሞች መዋዕለ ሕፃናቱን ከሞሉ በኋላ፣ ሲጠሩት ክብደት ያለው የአማርኛ ስም የሚፈልጉ ወላጆች መኖራቸው ደስ ይላል። የሚያሳስበው አፈላለጉ ነው። «ጠንከር ያለ ስም» ሲባል ብዙ ሰው በቀጥታ የሚሄደው ወደ ደምሰው፣ ግዛቸው፣ በላቸው እና ደመላሽ ነው። እነዚህ ስሞች የተከበሩ አባቶችና አያቶች የተጠሩባቸው፣ ታሪክ ያላቸው ስሞች ናቸው። ዛሬ ለሚወለድ ልጅ ግን የመጀመሪያ ምርጫ ሊሆኑ አይገባም ብዬ አምናለሁ።

ስም የሚያወጣው ቤተሰብ በወቅቱ ያለበትን ሁኔታ በስሙ ይናገር ነበር። ደም ያለበት ቤት ልጁን ደመላሽ አለው፤ ልጅ ወይም ዘመድ የሞተበት ካሳ፣ ምትኩ፣ ማስረሻ አለ። ባላንጣ የከበበው ደግሞ ደምሰው፣ ግዛቸው ብሎ አዘዘ። ትእዛዙ ሲሰጥ የሚደመሰሰው ማን እንደሆነ መንደሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። ዛሬ ልጁ ከልዩ ልዩ ቤተሰብ ከመጡ ልጆች ጋር አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ስሙ የሚጠቁመው ጠላት ማን እንደሆነ ማስረዳት የሚወድቀው በእሱ ላይ ነው። ያልጀመረውን ጠብ ይዞ እንዲያድግ ማድረግ ተገቢ አይመስለኝም።

የጦርነት ዘመን ሰዎች ራሳቸው ጀግንነትን ሁሉ በሕፃን ስም ላይ አልጫኑም። ለዚያ የፈረስ ስም ነበራቸው። አፄ ቴዎድሮስ ሲወለዱ ካሳ ነበሩ፤ «አባ ታጠቅ» የተባሉት በፈረሳቸው ነው። አፄ ምኒልክ ሣህለ ማርያም ተብለው አድገው «አባ ዳኘው» ሆኑ። አሉላ «አባ ነጋ»፣ ባልቻ «አባ ነፍሶ» የተባሉትም እንዲሁ ነው። የጦረኛነት ስም ፈረስ ለሚጋልብ ጎልማሳ የሚሰጥ ነበር።

ታዲያ ጥንካሬ ከየት ይምጣ? ከሚቆሙና ከሚዘልቁ ቃላት። ደረጀ፣ ከበደ፣ አየለ፣ ዘለቀ፣ ጸና ማንንም ሳይነኩ ስለ ባለቤታቸው ብቻ ይመሰክራሉ። ይርጋ ምኞት ነው፤ ጋሻው እና አምባው ደግሞ መከለያና መጠጊያ ናቸው። ማንደፍሮ እና ማንያዘዋል መሃል ላይ ይቀመጣሉ፤ ድፍረት አላቸው፣ ነገር ግን ውደቁበት የሚሉት ሰው የለም። ቆፍጠን ያለ ስም የግድ የሚፈልግ ወላጅ እዚህ ጋ ቢያቆም ይሻላል።

ከትርጉሙ እኩል ድምፁ ይወስናል። በአማርኛ የስም ጉልበት በአብዛኛው የሚመጣው ከሚጠብቅ ፊደል ነው፤ ጽሕፈታችን ግን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ስም ከወረቀት ላይ እያነበቡ መምረጥ ያሳስታል። ከበደ ሲባል «በ» ይጠብቃል፤ አየለ ላይ «የ»፣ ደረጀ ላይ «ጀ»፣ ጸና ላይ «ና»። ስሙ እዚያ ላይ ረገጥ ብሎ ይቆማል። ሁለተኛው ምንጭ በጉሮሮ ታፍነው የሚፈነዱት ጠ፣ ቀ፣ ጸ እና ጨ ናቸው። ዘለቀ ሁለቱንም ይዟል፦ «ለ» ይጠብቃል፣ «ቀ» ይፈነዳል። አንድ የሚጠብቅና አንድ የሚፈነዳ በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲደራረብ ስሙ ለምላስ ይከብዳል፣ ሰውም ቶሎ ማሳጠር ይጀምራል። ፈተናው ቀላል ነው። ስሙን ከጓዳ ሆናችሁ ደጅ ላለ ሰው ጮክ ብላችሁ ጥሩት፤ ቀጥሎ በተራ ድምፅ፣ ከዚያ «አቶ» ወይም «ዶክተር» አስቀድማችሁ በሉት። እኛ ዘንድ ማዕረግ የሚቀጠለው በራስ ስም ላይ ስለሆነ ልጁ 50 ዓመት ሲሞላውም የሚጠራው በዚሁ ነው።

ለሴት ልጅ ጠንካራ ስም የለም የሚለውን አልቀበልም። ከበደች፣ አየለች፣ በላይነሽ አሉ፤ የሺመቤት የሺህ ሰው እመቤት ናት። ከሁሉም የምመርጠው ግን መሠረት ነው፤ ለወንድም ለሴትም ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2004 አቴንስ፣ በ2012 ለንደን ላይ በ5,000 ሜትር የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘችው መሠረት ደፋር ስሟ ከአባቷ ስም ጋር ሲነበብ ምን ያህል እንደሚገጥም ልብ በሉ።

ብዙ ወላጅ የሚዘነጋው ይህንኑ ነው። የእኛ ስም ብቻውን አይጻፍም፤ ከአባት ስም ጋር ሲገጥም ዓረፍተ ነገር ይሠራል። አባት ወንድሙ ከሆነ ልጁን ደምሰው ማለት በየመዝገቡ «ደምሰው ወንድሙ» እያሉ ማጻፍ ነው። በአንጻሩ «ጋሻው ታደሰ»፣ «አምባው ደረጀ» ሙሉ ሐሳብ ናቸው፣ ያምራሉም። የአያትንም ስም ጨምራችሁ ሦስቱን አንብቡ። ልጁ ወንድ ከሆነ ደግሞ ስሙ ነገ የልጆቹ የአባት ስም ስለሚሆን ከኋላ አስቀምጣችሁም ሞክሩት።

የቁልምጫ ስም ሌላው ጉዳይ ነው፤ ቤት ውስጥ የሚሰማው እሱ ነውና። ደረጀ «ደሬ»፣ ከበደ «ከቤ»፣ መሠረት «መሲ» ይሆናሉ፤ ሦስቱም አይጎዱም። ጋሻው ግን ሲቆላመጥ «ጋሼ» ወደሚለው ያዘነብላል፤ ታላቅን በአክብሮት የምንጠራበት ቃል ስለሆነ ታላቅ ወንድም ወይም አጎት ባለበት ቤት ግር ያሰኛል።

ውጭ አገር ለምትኖሩ አንድ ነገር ይጨመራል። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ጠ እና ተ አንድ ይሆናሉ፤ ጉልበቱን ከሚፈነዳ ድምፅ ብቻ ያገኘ ስም ባሕር ሲሻገር ይለሰልሳል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ በቃል መጀመሪያ ላይ «ጸ» ማለት ስለሚቸግረው ጽናት በትምህርት ቤት ሌላ ስም ትሆናለች። ኃይሌ ከሴት ልጅ ስም ጋር ሊምታታ ይችላል። መሠረት፣ አምባው እና ደረጀ ግን ብዙ ሳይጎዱ ያልፋሉ። ኃይለማርያምን የመሰለ ጥምር ስም ስታስመዘግቡ አንድ ላይ ግጠሙት፤ ክፍተት ከተተወ ሁለተኛው ክፍል መካከለኛ ስም ተደርጎ ይወሰድና ልጁ በግማሽ ስሙ ይቀራል።

አገር ቤት ላላችሁ ጊዜ አለ። በኦርቶዶክስ ቤተሰብ ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ትነሣለች፤ የክርስትና ስሙም ለብቻው ይሰጣል። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደት የሚመዘገበው በ90 ቀን ውስጥ ነው። ስለዚህ ሁለት ሦስት ስም ይዛችሁ ለጥቂት ሳምንታት በየተራ ጥሩበት፤ የትኛው ለአፍ እንደሚከብድ፣ የትኛውን አያት እንደሚሳሳቱት ያኔ ይለያል። ለምዝገባ ስትሄዱ አጻጻፉን ወስናችሁ ሂዱ፦ መሠረት ወይስ መሰረት፣ ጽናት ወይስ ፅናት፣ ኃይሉ ወይስ ሀይሉ። የእንግሊዝኛውንም አጻጻፍ በወረቀት ጽፋችሁ ስጡ እንጂ ለጸሐፊው ግምት አትተዉት። የልደት ምስክር ወረቀቱ፣ የትምህርት ማስረጃውና ፓስፖርቱ ላይ አንዲት ፊደል ስትለያይ አንድ ሰው መሆኑን ለማስረዳት የሚንከራተተው ልጁ ነው። የምስክር ወረቀቱን እንደተቀበላችሁ እዚያው ቆማችሁ የልጁን፣ የአባትንና የአያትን ስም ፊደል በፊደል አንብቡ፤ ስህተት ካለ ከቢሮው ሳትወጡ አሳርሙ።