አይ5-2400 ወይስ አይ3-6100? ያገለገለ ዴስክቶፕ ለሚገዛ ሰው የቀረበ ክርክር

ባሕር ዳር ላይ ያገለገለ ዴስክቶፕ የሚፈልግ ሰው ሁለት ፕሮሰሰሮች ደጋግመው ያጋጥሙታል። አንዱ ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2011 መጀመሪያ ያወጣው ኮር አይ5-2400 ነው። ሌላው በ2015 የመጣው ኮር አይ3-6100 ነው። ሁለቱም ከውጭ አገር ቢሮዎች ተሰብስበው በሚመጡ የዴልና የኤችፒ ኮምፒውተሮች ውስጥ ይገኛሉ። ፖሊ ግቢ አካባቢ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት ሴት ለመጀመሪያው ትከራከራለች። ግሽ ዓባይ አካባቢ ኮምፒውተር የሚጠግን ወጣት ለሁለተኛው ይከራከራል።

ባለ ጽሕፈት ቤቷ፦

ከኪስ እንጀምር። አብዛኞቹ ደንበኞቼ የፖሊ ተማሪዎች ናቸው። መመረቂያ ጽሑፍ ያስተይባሉ፣ ያስፕሪንታሉ፣ ስካን ያስደርጋሉ። እኔ የሚያስፈልገኝ ዎርድ፣ ኤክሴል፣ ፎቶሾፕ፣ ፓወር ግዕዝና የማይንቀራፈፍ ክሮም ነው። አይ5-2400 አራት እውነተኛ ኮር፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ውስጥ ሥራውን የሚሠራ ክፍል፣ አለው። አይ3-6100 ያለው ሁለት ነው። ሃይፐር ትሬዲንግ የሚሉት ነገር ሁለቱን አራት አስመስሎ ያሳያል እንጂ አራት አያደርጋቸውም። በዚያ ላይ የእኔው ይረክሳል። በተረፈው ብር ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ በጣም የሚፈጥን ማከማቻ) እገዛለሁ። ኤስኤስዲ የገባለትን አሮጌ አይ5 እና ሃርድ ዲስክ ላይ የሚያቃስተውን አይ3 ጎን ለጎን አስቀምጡና ተማሪው የትኛው ፊት እንደሚቀመጥ እዩ።

ጠጋኙ፦

እትዬ፣ ኤስኤስዲን አልክድም። ግን እሱ የፕሮሰሰር ክርክር አይደለም። እኔም ለአይ3ው እገዛለታለሁ።

እኔን የሚያናድደኝ "አይ5" የምትለዋ ስም ናት። ሻጩ "ኮር አይ5 ነው" ይልና ዝም ይላል። ገዢው 5 ከ3 ይበልጣል ብሎ ይከፍላል። መታየት ያለበት ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው። 2400 ሁለተኛ ጄነሬሽን ነው፣ 6100 ስድስተኛ። አንዱ በ32 ናኖሜትር ተሠራ፣ ሌላው በ14፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሠራሩ ይረቃል። 6100 በ3.7 ጊጋኸርዝ ይሠራል። 2400 ከ3.1 ተነሥቶ ቢበዛ 3.4 ይደርሳል። አዲሱ ደግሞ በአንድ ዓይነት ፍጥነት እንኳ ቢሮጡ ብዙ ሥራ ይጨርሳል። ዎርድ ውስጥ ፊደል ሲመታ፣ ኤክሴል ሲከፈት፣ ድረ ገጽ ሲጫን ሸክሙ በአብዛኛው አንድ ኮር ላይ ነው የሚወድቀው። ስለዚህ እርስዎ በሚሠሩት ሥራ ላይ የሚቀድመው የእኔ ነው። ሁሉንም ኮር የሚያሠራ ሥራ ሲመጣ ደግሞ ሁለቱ ተቀራራቢ ናቸው። ሁለት ኮር አራቱን ተከትሎ ከደረሰ ማን ጠነከረ ይባላል?

ባለ ጽሕፈት ቤቷ፦

ተቀራራቢ ከሆኑ ለምን ተጨማሪ እከፍላለሁ? ራስህ መለስከው።

አሁን ደግሞ ራም እናንሳ፤ ይሄን ሻጭ አይነግራችሁም። የእኔ ማሽን ተራውን ዲዲአር3 ይወስዳል። ከተበላሸ ኮምፒውተር የተነቀለ ሞልቷል፣ ዋጋውም አይጎዳም። የአንተ ስድስተኛ ጄነሬሽን ግን እንደ ማዘርቦርዱ ይለያያል። አንዱ ዲዲአር4 ይፈልጋል። ሌላው፣ ለምሳሌ የዴል ኦፕቲፕሌክስ 3040፣ የሚፈልገው በ1.35 ቮልት የሚሠራውን ዲዲአር3ኤል ነው። ተማሪው "ስድስተኛ ጄነሬሽን ነው" ብሎ ዲዲአር4 ገዝቶ ይመጣል፤ አይገባም። ቀጥሎ ከጓደኛው የ1.5 ቮልቱን ዲዲአር3 ይዋሳል። እሱ ደግሞ ለዚያ ፕሮሰሰር የሚመከር አይደለም። አንተ ጠጋኝ ነህ፣ ታውቀዋለህ። ሁለተኛ ዓመት ላይ ያለ ልጅ ግን ከየት ያውቃል?

ሞኒተርም አለ። የኔ አሮጌ ሞኒተሮች የሚሰኩት በድሮው የቪጂኤ ገመድ ነው። የእኔ ፕሮሰሰር ያለበት ኦፕቲፕሌክስ 790 ላይ ቪጂኤ አለ፤ ሰክቼ እሠራለሁ። 3040ው ኤችዲኤምአይና ዲስፕሌይ ፖርት ይዞ ይመጣል፣ ቪጂኤ በትእዛዝ ነው። ሂድ እንግዲህ አዳፕተር ፈልግ።

ጠጋኙ፦

ስለ ራሙ ልክ ነዎት። ሳይጠይቅ የሚገዛ ሰው ይጎዳል። ግን ከመግዛቱ በፊት ክዳኑን ከፍቶ ራሙ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ነው እንጂ ይሄ ፕሮሰሰሩን አያስጥልም። አዳፕተር ደግሞ አንዴ ይገዛል፣ አለቀ።

እኔ ወደ ግራፊክሱ ልውሰድዎት፤ ልዩነቱ ያለው እዚያ ነው። ሁለቱም ውስጣቸው ግራፊክስ አላቸው። የ2400ው ኤችዲ 2000 ይባላል፣ የ6100ው ኤችዲ 530። ፕሮግራሞች ከግራፊክሱ ጋር የሚግባቡባቸው ኦፕን ጂኤልና ዳይሬክትኤክስ የሚባሉ ደንቦች አሉ። ኤችዲ 2000 ኦፕን ጂኤል 3.1 ላይ ይቆማል፤ ዳይሬክትኤክስም 10.1 ነው። የ3ዲ መሥሪያው ብሌንደር ከስሪት 2.8 ጀምሮ ኦፕን ጂኤል 3.3 ጠየቀ። የንድፍ መሥሪያው የአውቶካድ አዳዲስ ስሪቶች ዳይሬክትኤክስ 11 ይፈልጋሉ። የሲቪል ተማሪ አይ5 ገዛሁ ብሎ ደስ ብሎት ወደ ዶርም ይገባል። በሴሚስተሩ መሀል ለእኔ "ለምን አይከፍትም?" እያለ ይመጣል። ምን ልበለው? ራም ቢጨምር አይፈታም፣ ኤስኤስዲ ቢገባም አይፈታም።

ቪዲዮውን ልጨምር። ዛሬ ሰው ምረቃውንም ክርስትናውንም በስልክ ይቀርጻል። አይፎን ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ ኤች.265 በሚባለው አዲስ የቪዲዮ መጭመቂያ መቅረጽ ጀምሯል፤ ሌሎችም ተከትለዋል። 6100 ይህን በግራፊክሱ ይፈታዋል። 2400 አይችልም። እርግጥ ኩዊክ ሲንክ የሚባለው የቪዲዮ ማቀነባበሪያ መጀመሪያ የመጣው ከ2400 ትውልድ ጋር ነው፤ ለዚያ ክብር ይገባዋል። ግን ችሎታው ከቀድሞው መጭመቂያ ከኤች.264 አያልፍም። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁሉ ኮሮቹ ይሸከሙታል፤ ያኔ አራት መሆናቸውም አያድናቸውም። ባለ 4ኬ ቪዲዮ ሲጫን ድምፁ ቀድሞ ይሄዳል፣ ምስሉ ኋላ ይቀራል።

ባለ ጽሕፈት ቤቷ፦

ብሌንደርና አውቶካድ ለሚሠራ ልጅ እኔም 2400 ግዛ አልለውም። ለእሱ ያንተን ይግዛ። ግን ሁሉም ሰው ሲቪል አይማርም፣ ሁሉም ሰው ቪዲዮ ቤት አይከፍትም። የአካውንቲንግ ተማሪ አለ፣ የሕግ ተማሪ አለ፣ እንደኔ እየተየበ የሚያድር አለ። ስልኩንም ቢሆን ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ በኤች.264 እንዲቀርጽ ማድረግ ይቻላል። ነጻ ነው።

ጠጋኙ፦

ተቀርጾ የመጣውንስ? ደንበኛ ፍላሽ ይዞ ሲመጣ "ሴቲንግህን ቀይረህ ድጋሚ ተመረቅ" ይሉታል?

ባለ ጽሕፈት ቤቷ፦

ይሄን ቀልድ አልረሳልህም። ግራፊክስ ካርድ ይጨመርለታላ።

ጠጋኙ፦

ካርዱ ሲጨመር ርካሽነቱ የት ሄደ? ደግሞ እነዚህ ጠባብ የቢሮ ሳጥኖች አጭሩን ካርድ ብቻ ነው የሚያስገቡት። ፓወር ሰፕላያቸውም ትንሽ ነው።

ሌላው መብራት ነው። 2400 የተመደበው በ95 ዋት ነው፣ 6100 በ51። መብራት ሲሄድ ትንሿ ዩፒኤስ የቱን ይዛ ትቆያለች? ሚያዝያ ላይ በቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ሙሉ ቀን ሲሠራስ? አቧራ የሞላው ፋን፣ የደረቀ ፔስት፣ ከዚያ ኮምፒውተሩ ራሱን ያጠፋል። እኔ ጋ የሚመጡት አሮጌዎቹ ናቸው።

ባለ ጽሕፈት ቤቷ፦

አሮጌዎቹ የሚመጡት ብዙ ስለሆኑ ነው እንጂ ደካማ ስለሆኑ አይደለም። ዋቱንም አታጋንነው። 95 የተባለው ሙሉ ጭነት ላይ ሲሆን ነው። እኔ ስተይብ ፕሮሰሰሩ አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ፈትቶ ነው የሚውለው። በዚያ ሰዓት ልዩነታቸው ከወረቀቱ ቁጥር በጣም ያንሳል። ዩፒኤሴን የሚጨርሰው ሌዘር ፕሪንተር የሚሰካበት ሰው ነው። (ሌዘር ፕሪንተር ዩፒኤስ ላይ አይሰካም፤ ስንቴ ተነገረ።)

ጠጋኙ፦

እሺ፣ ሌላ ላንሳ። በ2018 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ሜልትዳውንና ስፔክተር የተባሉት የፕሮሰሰር የደኅንነት ክፍተቶች ይፋ ሆኑ። መጠገኛ ሶፍትዌር ወጣ። መጠገኛው ግን ፍጥነት ይቀንሳል። ማይክሮሶፍት ራሱ ያኔ ሃስዌል (አራተኛ ጄነሬሽን) እና ከዚያ በፊት ያሉ ፕሮሰሰሮች ላይ መቀነሱ እንደሚበረታ ተናግሯል። 2400 ከሃስዌልም በፊት ነው። ዩኤስቢውም እንዲሁ፤ የ2400 ዘመን ቺፕሴቶች (የማዘርቦርዱ መቆጣጠሪያዎች) በራሳቸው ፈጣኑ ዩኤስቢ 3.0 የላቸውም። ተማሪ ፊልምና ሌክቸር በፍላሽ ሲገለብጥ ይታወቀዋል።

ባለ ጽሕፈት ቤቷ፦

ዊንዶውስ 11ን ለምን ዘለልከው? ማይክሮሶፍት የሚቀበለው ከስምንተኛ ጄነሬሽን ጀምሮ ነው። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. አበቃ። የእኔም የአንተም እኩል ውጭ ቀርተዋል። ነገ አሻሽለዋለሁ የምትል ከሆነ በአንተ ቦርድ ላይ አይ7-6700 ይሰካል፣ በእኔ ላይ አይ7-2600። የቱ እንደሚረክስ ሱቅ ወርደህ ጠይቅ።

ጠጋኙ፦

ጠይቄያለሁ። እኔ የምለው አንድ ነው። የሁለቱ ማሽኖች የዋጋ ልዩነት ከአንድ ባለ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ ዋጋ በታች ከሆነ፣ 6100ውን ሳያመነታ ይግዛ። ከዚያ በላይ ከሆነና ሥራው ትየባ ብቻ ከሆነ፣ የእርስዎን ይውሰድ።

ባለ ጽሕፈት ቤቷ፦

እኔ ደግሞ ከአንድ ኤስኤስዲ ዋጋ በታች ወርዶ አላየሁትም። ካየህ ሁለት አስቀርልኝ፤ ቪጂኤ ካላቸው።