ጠጠር ለማልበስም ጥናት?

ነጥቡ ይሄ ነው፦ ጠጠር መንገድ፣ ምንጭ ማጎልበትና ቱቦ ቀበራን ለመሰሉ የተለመዱ ሥራዎች የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማው በአጭር ቅጽ ይጠናቀቅ? የሚከራከሩት ደብረ ማርቆስ ያሉ የመንገድ መሐንዲስና የቢቸና መምህር ናቸው።

መሐንዲሱ፦ የግምገማው አዋጅ ቁጥር 299/1995 ራሱ ሁሉም ፕሮጀክት ይገምገም አላለም። ጉዳት የማያስከትሉት በመመሪያ ተለይተው ከግምገማው ነጻ ይሁኑ ነው ያለው። እኛ ግን ለአምስት ኪሎ ሜትር ጠጠር የግድብ ያህል ወረቀት ይዘን እንዞራለን። ፊርማው ሲያልቅ ክረምት ይገባል። ወላድ በቃሬዛ ትሄዳለች። መንገዱ እኮ ድሮም አለ፤ እኛ ጠጠር ነው የምንደፋው።

መምህሯ፦ «ጠጠር ነው የምንደፋው።» እሺ፣ ጠጠሩ ከሰማይ ነው የሚወርደው? ገረጋንቲው የወጣበትን ጉድጓድ ማን ደፈነው? ወንድሜ፣ የአባቴ ማሳ ከመንገድ ሥር ነው። ድሮ ተበትኖ የሚያልፈውን ጎርፍ የናንተ ቦይ ሰብስቦ በአንድ ቱቦ አፍ ለቀቀብን። መሬቱ መረሬ ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፤ ክረምት ሲገባ ውሃው በስንጥቁ ዘልቆ ከሥር ይቦረቡረዋል። በመጀመሪያው ዓመት ቦረቦሩን ጥጃ ይዘለው ነበር። ዘንድሮ አባቴ ገብቶ ቢቆም አናቱ አይታይም። ዙሪያው ጤፍ ነው።

መሐንዲሱ፦ መምህር፣ ለአባትዎ ከልቤ አዝናለሁ። ግን ይሄ የዲዛይን ጉድለት ነው። ቱቦው አፍ ላይ ድንጋይ ቢነጠፍ፣ ውሃው እስከ ወንዝ ቢመራ ይህ አይመጣም ነበር። ለዚህ ደግሞ አንድ ገጽ ይበቃል፦ «ውሃው የት ይወርዳል?» 7,000 ሄክታር እንዲያጠጣ የተሠራው የኮጋ ግድብና የኔ ቱቦ በአንድ ሚዛን ይመዘኑ?

መምህሯ፦ የጉድጓዱን ጥያቄ ዘለሉት። ይሁን። ያቺን አንድ ገጽ ማን ይሞላታል? ከመኪና ሳይወርድ የሚያልፈው ባለሙያ? የጠቀሱት አዋጅ እኮ የነዋሪው አስተያየት ይካተት ይላል። ግማሽ ገጽም ይሁን፣ ግድ የለኝም። አባቴ ጎርፉ በየት እንደሚያልፍ አርባ ክረምት አይቷል። አንድም ሰው አልጠየቀውም።

መሐንዲሱ፦ ከመኪና ሳንወርድ? ጫማዬን ጭቃ የበላው የት ሆኖ ነው ታዲያ? እንዲህ ከሆነ ቅጹን አባትዎ ይሙሉት!

መምህሯ፦ ይሙላ። እስክሪብቶ ከኔ፤ ቱቦው አፍ ላይ ቁጭ ብለን እንጠብቅዎታለን። ሲመጡ ድንጋዩን ጭነው ይምጡ።