አውራ ባይኖርም ዶሮ ትጥላለች

እህቴ፣ ደሴ ጓሮሽ ውስጥ አራት ዶሮ ልትጀምሪ መሆኑ ደስ ብሎኛል። ግን «አውራ ከሌለ እንቁላል አይጥሉም» ያልሽው ልክ አይደለም። ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል፤ እናቴም ታምን ነበር።

ዶሮ አውራ ኖረም አልኖረም ትጥላለች። አውራው የሚያስፈልገው ጫጩት ከፈለግሽ ብቻ ነው። ያለ አውራ የተጣለ እንቁላል 21 ቀን ብታሳቅፊውም አይፈለፈልም። ለመብል ግን ምንም አይጎድለውም። ከትልልቅ እርባታዎች ወጥቶ ሱቅ የሚሸጠው እንቁላልም በአብዛኛው እንደዚሁ ነው።

መጣል ካቆሙብሽ ሌላ ነገር ፈትሺ። ንጹሕ ውሃ አላቸው? የእንጀራ ፍርፋሪ ብቻ እየበሉ ይሆን? እንቁላል ለመሥራት ፕሮቲንና ካልሲየም ይፈልጋሉ። የእንቁላል ቅርፊት አጥበሽ፣ አድርቀሽ፣ በደንብ አድቅቀሽ ብትሰጫቸው ይጠቅማቸዋል። ላባ ሲቀይሩም ያቆማሉ፤ ያኔ ታገሺያቸው። ደሴ ደግሞ እንደ ኮምቦልቻ ሞቃት አይደለችም። ማደሪያቸው አየር ያግኝ፣ ግን የሌሊቱ ነፋስ በቀጥታ አይምታቸው።

ኩሳቸውን እንዳትጥዪው። ተከምሮ ከበሰበሰ በኋላ ለጎመንሽ ግሩም ማዳበሪያ ነው።

ለአውራው ያሰብሽውን ብር መኖ ግዢበት።