ቀኑንና ዋጋውን የቆረጠው ማን ነው?

ሚያዝያ 15 ቀን 2005 ዓ.ም. ባንግላዲሽ ውስጥ፣ ከዳካ ወጣ ብላ በምትገኘው ሳቫር፣ ራና ፕላዛ የተባለው ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ተሰነጠቀ። ሰዉ ሁሉ እንዲወጣ ተደረገ። በነጋታው ረቡዕ ታች ያለው ባንክ ሠራተኞቹን አላስገባም። ሱቆቹም አልተከፈቱም። ላይ ያሉት ልብስ ሰፊዎች ግን ግቡ ተባሉ። ካልገባችሁ ደመወዝ ይቆረጣል የተባሉም ነበሩ። ጠዋት መብራት ጠፋ። ፎቅ ላይ የተቀመጡት ጄኔሬተሮች ተነሡ። ሕንፃው ተንቀጠቀጠና ተደረመሰ። 1,134 ሰው ሞተ።

ይህን ባሰብኩ ቁጥር የሚከነክነኝ ባንኩ ነው። ያው ሕንፃ፣ ያው ስንጥቅ። ባንኩ ግን የሚያስረክበው ሸሚዝ የለውም። ፋብሪካው ቀን ተቆርጦለታል። ቀኑ ካለፈ ወይ ቅጣት አለ፣ ወይ በመርከብ መሄድ የነበረበት ልብስ በባለፋብሪካው ኪሳራ በአውሮፕላን ይጫናል። ያለፈቃድ ፎቅ የጨመረውና ሠራተኞቹን ያስገቡት ሰዎች ጥፋት የሌላ የማንም አይደለም፣ የራሳቸው ነው። ቀኑንና ዋጋውን የቆረጠው ግን አውሮፓና አሜሪካ ቢሮው ውስጥ የተቀመጠ የልብስ ብራንድ ሥራ አስኪያጅ ነው። እሱ ከደሙ ንጹህ ነኝ ሊል አይችልም።

ሊሉ ግን ሞክረዋል። የጣሊያኑ የልብስ ብራንድ ቤኔቶን መጀመሪያ እዚያ አላሰፋሁም ብሎ ኋላ ላይ አምኗል። ማን ያሰፋ እንደነበር ለማረጋገጥ ሰዎች ፍርስራሹ ውስጥ ልብስ አንገት ላይ የሚሰፋውን የብራንድ ምልክት ለቀሙ። አስቡት፣ አስከሬን በሚወጣበት ቦታ ጨርቅ ላይ የተሰፋች ስም መፈለግ። ለተጎጂዎች የታሰበው 30 ሚሊዮን ዶላር የካሳ ገንዘብ እስኪሞላ ሁለት ዓመት ፈጀ። በአደጋው ማግስት ግን ብዙ ብራንዶች የፋብሪካዎችን ደኅንነት የሚያስመረምር፣ በሕግ የሚያስገድድ ስምምነት ፈረሙ። ከ200 በላይ ኩባንያዎች ገቡበት። ከመጀመሪያውም ይቻል ነበር ማለት ነው።

ወደ ቤታችን ልምጣ። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 2008 ሲመረቅ ደስ ብሎኝ ነበር። ዛሬም የውጭ ኩባንያዎቹ ባይመጡ ይሻል ነበር አልልም። ግን የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2011 ባወጡት ሪፖርት የልብስ ሰፊዎቻችን መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር። የባንግላዲሽ እንኳ ያኔ 95 ነበር። በዚህ ብር ከገጠር የመጡ ልጆች ሦስት አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ። ፍራሹ መሬት ላይ ነው፣ አስቤዛው በመዋጮ። ወር ሳይሞላ እጅ ያጥራል። የግሉ ዘርፍ ዝቅተኛ ደመወዝ በሕግ ስላልተቆረጠ 26 ዶላሩ ሕግ አልጣሰም። መንግሥታችንም ርካሽ ጉልበት አለ እያለ ነበር የጠራቸው። ይህም ያሳፍረኛል።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ኅዳር 2014 ፒ.ቪ.ኤች፣ የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት፣ ሁኔታው በፍጥነት እየተባባሰ ነው ብሎ የሐዋሳ ፋብሪካውን ዘጋ። ወር ከምናምን ሳይቆይ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም ዕቃ ያለቀረጥ አሜሪካ ከሚያስገባው ዕድል፣ አወጣች። ጦርነቱን ኩባንያዎቹ አልጀመሩትም፣ እውነት ነው። ስፌት ላይ የነበረችው ልጅም አልጀመረችውም። ልዩነቱ ኩባንያው ሌላ አገር መሄጃ አለው። እሷ ያላት የቤት ኪራይ ነው።

እኔ ከእነዚህ ኩባንያዎች የምጠብቀው የበጎ አድራጎት ፎቶ አይደለም። ሸሚዙን በስንት እንደሚገዙ ሲደራደሩ፣ በዚያ ዋጋ ሰፊዋ በልታ ማደር ትችል እንደሆነ አብረው ያስሉት። አገር ውስጥ ሲገቡም መውጫቸውን ያስቡበት። ፋብሪካው ቢዘጋ እያንዳንዷ ሠራተኛ የስንት ወር ደመወዝ እንደምታገኝ ገና ሲገቡ ውሉ ላይ ይጻፍ፣ ገንዘቡም ባንክ ይቀመጥ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝን የሚመለከት የደመወዝ ቦርድ እንደሚኖር ይናገራል። 26 ዶላሩን ከፍ ለማድረግ ግን የትኛውም ኩባንያ ቦርዱን መጠበቅ አያስፈልገውም።