ቀንበሩ ላይ አምፖል አታንጠልጥሉ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ስለ እርሻ ዕቃዎቻችን ልቆጣችሁ ነው። ራሴንም ጭምር።

ሰሞኑን አንድ ምግብ ቤት ገባሁ። ጣሪያው ላይ ቀንበር፣ ያ ሁለት በሬ የሚጠመድበት እንጨት፣ ተሰቅሏል። የበሬውን አንገት የሚይዘው ማነቆ ይገባበት በነበረው ቀዳዳ የኤሌክትሪክ ገመድ ሾልኮ አምፖል ተንጠልጥሎበታል። ያምራል፣ አልዋሽም። አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት አስተናጋጁን "ምንድን ነው እሱ?" አለው። "የባህል ዕቃ ነው" ብሎት አለፈ። አለቀ።

"የጭቆና ቀንበር" ስንል ግን ማን ይችለናል! "በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም" እያልን እንተርታለን። ቁና የሚባለውን የእህል መስፈሪያ በዓይኑ ያየ ልጅ በየቤታችን ስንት አለ? ቃሉ አፋችን ላይ ቀረ፣ ዕቃው ማገዶ ሆነ። ማገዶ ስል አጋንኜ አይደለም። አያቴ የሞቱ ጊዜ፣ ለለቅሶው ንፍሮ መቀቀያ የተማገደው የራሳቸው ሞፈር ነው፣ ማረሻውን ከቀንበሩ የሚያገናኘው ረጅሙ እንጨት። አጠገቡ ቆሜ ነበር። ትንፍሽ አላልኩም።

እስቲ የእርሻ ዕቃውን አንዴ ጠጋ ብላችሁ እዩት። የማረሻ ብረት ብቻውን አያርስም። ገበሬው የሚጨብጠው እርፍ አለ። አፈሩን ግራና ቀኝ የሚገፉ ሁለት ድግሮች አሉ፣ ከማረሻው ጋር የሚያያይዛቸው ወገል አለ። ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር የሚያስረው ደግሞ ምራን ነው፣ ጠፍር። አብዛኛው እንጨት ስለሆነ ገበሬው ትከሻው ላይ ጣል አድርጎት ማሳ ይወርዳል። አፈሩን ይሰነጥቃል እንጂ አይገለብጥም፤ ስለዚህ አንዴ ታርሶ አይበቃም። ጤፍማ ዘሩ ደቃቅ ነው፣ ሦስቴም አምስቴም ይታረስለታል። በዚህ ሁሉ ምልልስ እርፉ እጅ የሚያርፍበት ቦታ ላይ እንደ ቀንድ ይለሰልሳል። የአያቴን ዳስሼው አውቃለሁ።

ብረቱን የቀጠቀጠውን ሰውዬ ደግሞ ምን አልነው? ማረሻውን ገዝተን እሱን "ቡዳ" አልነው። ለእነዚህ ዕቃዎች ሙዚየም ይሠራላቸው ነው የምለው፤ ይሄም እዚያ ውስጥ ይጻፍልኝ። ሙዚየም የሚያኮራን ነገር ብቻ የሚደረደርበት ቤት ከሆነ ምግብ ቤቱ ይበቃናል።

ሙዚየም ስላችሁ "በጀት የለም" እንዳትሉኝ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ የኢትኖሎጂ ሙዚየም አለን፤ ሂዱና እዩት። እኔ የምለው ግን ለየወረዳው አንዲት ክፍል ነው። ጣሪያዋ አያፍስስ፣ እንጨቱ ምስጥ እንዳይበላው ከመሬት ከፍ ይበል። እህል የሚዘራበት የእንጨት አካፋ ላይዳው፣ ጭድ የሚነሳበት መንሹ፣ የቆዳ ከረጢቱ አቁማዳው፣ የድንጋይ ወፍጮው ከነመጁ፣ ከላይኛው መፍጫ ድንጋይ ጋር፣ ይቀመጥ። ከሁሉም በላይ ስሙ ይጻፍበት። በ1992 የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 እንኳ ግዙፍነት የሌለውን፣ በእጅ የማይዳሰሰውንም ቅርስ ብሎታል። እኛ ጋ ቅርስ ሲባል ዘውድና ብራና ብቻ ነው ትዝ የሚለን።

ለበዓል አገር ቤት ስትወርዱ ሽማግሌዎቹ አጠገብ ተቀመጡ። ስልካችሁን ለሰልፊ ብቻ አታውጡት፣ ድምፅ ቅረጹበት። ሞፈሩ ከምን እንጨት ተጠረበ? ማን ጠረበው? የበሬዎቹንስ ስም ጠየቃችሁ? የአያቴ አንደኛው በሬ ቡሬ ይባል ነበር። የሁለተኛውን የሚያስታውስ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።