በ300 ዶላር የተገዛ ጋሻ መሬት

የአሜሪካዊው የጥቁሮች መብት ታጋይ የጆን ሉዊስ ስም ሲነሳ ሁሉም ሰው ወሬውን የሚጀምረው ከድልድዩ ነው። በማርች 7 ቀን 1965 (ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በአላባማ ግዛት፣ ሰልማ ከተማ፣ ለመምረጥ መብት የወጡ ስድስት መቶ ያህል ሰልፈኞችን ከፊት ሆኖ እየመራ የኤድመንድ ፔተስን ድልድይ ሲሻገር የግዛቲቱ ፖሊሶች በቆመጥ ራስ ቅሉን ሰነጠቁት። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ የመምረጥ መብት ሕግ ጸደቀ። ከ1987 ጀምሮ በ2020 እስኪሞት ድረስ ደግሞ የጆርጂያን ሕዝብ ወክሎ በአሜሪካ ምክር ቤት ተቀመጠ። አትላንታ የሚኖሩ ወገኖቻችን በኦበርን ጎዳና ግድግዳ ላይ የተሳለውን ግዙፍ ምስሉን ሳያዩት አይቀሩም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። እኔን የሚቆረቁረኝ ታሪኩ ሃያ አንድ ዓመት ዘግይቶ መጀመሩ ነው። በእኔ እምነት የሰልማው ሰልፍ መነሻ በ1944 የተፈጸመ አንድ ተራ የመሬት ግዢ ነው። አባቱ 300 ዶላር ቆጥረው 110 ኤከር መሬት የገዙት በዚያ ዓመት ነበር።

110 ኤከር በእኛ የድሮ ልክ ከአንድ ጋሻ ጥቂት ይበልጣል። ገዢው ኤዲ ሉዊስና ባለቤታቸው ዊሊ ሜ፣ ከትሮይ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኘው የፓይክ ካውንቲ ገጠር የሰው መሬት እኩል የሚያርሱ ጥቁር ገበሬዎች ነበሩ። አስር ልጆች ወልደዋል። ሦስተኛው ጆን የተወለደው በ1940 ስለሆነ፣ ቤተሰቡ ወደ ራሱ መሬት ሲዛወር የአራት ዓመት ልጅ ነበር።

የግዢው ትልቅነት የሚገባን የእኩል አራሽ ኑሮ እንዴት እንደነበረ ካወቅን ነው። ባርነት በ1865 ሲያበቃ ነፃ የወጣው ሕዝብ በእጁ መሬት አልነበረውም። ጄኔራል ሸርማን በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ላይ በባሕሩ ዳርቻ ያለው መሬት ለነፃ ወጪዎቹ እስከ አርባ አርባ ኤከር እንዲታደል ትእዛዝ ሰጥቶ ነበር። ፕሬዚዳንት አንድሩ ጆንሰን ግን ዓመቱ ሳያልቅ መሬቱን ለቀድሞዎቹ ጌቶች መለሱት። ከዚያ ወዲያ የቀረው መንገድ የታወቀ ነው። ባለመሬቱ መሬቱን፣ ጎጆውን፣ በቅሎውንና ዘሩን ይሰጣል፤ አራሹ የራሱን፣ የሚስቱንና የልጆቹን ጉልበት ያቀርባል፤ ጥጡ ሲሸጥ እኩል ይካፈላሉ። በወሬ ደረጃ ፍትሐዊ ይመስላል።

ጉዱ ያለው መዝገቡ ላይ ነው። አራሹ ከዘር እስከ አጨዳ የሚበላው ስለሌለው ዱቄቱን፣ ጨው የገባበትን የአሳማ ሥጋ፣ ጫማውን፣ ማዳበሪያውን ሁሉ ከባለመሬቱ ወይም ባለመሬቱ ከሚያውቀው ነጋዴ ሱቅ በዱቤ ይወስዳል። ዋጋውም ወለዱም የሚወሰነው በሰጪው ነው። ጥጡን የሚመዝነው፣ የሚሸጠው፣ መዝገቡንም የሚጽፈው ያው ባለመሬት ነው። በዓመቱ መጨረሻ አራሹ ኮፍያውን አውልቆ ይቀርብና «ዘንድሮ ትንሽ ጎድሎሃል» ይባላል። የጎደለው ወደሚቀጥለው ዓመት ይዞራል። መዝገቡን ልይ ማለት ደግሞ ነፍስን ያስከፍል ነበር። በ1919 በአርካንሳስ ግዛት፣ ኢሌይን አካባቢ፣ ትክክለኛ ሒሳብ ለመጠየቅ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ተሰብስበው በነበሩ ጥቁር አራሾች ላይ የተነሳው ግርግር የብዙ ሰው ደም አፍስሷል፤ የሟቾቹን ቁጥር በመቶዎች የሚገምቱ አሉ። ለፍርድ ቀርበው ሞት የተፈረደባቸው ግን አሥራ ሁለት ጥቁሮች ነበሩ። የሲሶና የእኩል አራሽን ኑሮ ከአያቱ አፍ የሰማ የእኛ አንባቢ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም።

እንግዲህ 300 ዶላሩ የተጠራቀመው እንዲህ ካለው ኑሮ ውስጥ ነው።

መሬቱ ቤተሰቡን ሀብታም አላደረገውም። ጥጥ፣ በቆሎና ለውዝ ይዘራል፤ ላም፣ አሳማና ዶሮ ይረባል፤ ልጆቹ ሁሉ ከእርሻ አይቀሩም። የጆን ድርሻ ዶሮዎቹ ነበሩ። በምትታቀፈው ዶሮ ሥር ሌሎቹ እየመጡ እንቁላል ስለሚጥሉ፣ አዲሱን ከነባሩ ለመለየት እያንዳንዱን እንቁላል በእርሳስ ምልክት ያደርግበት ነበር። በሲርስ ሮበክ ካታሎግ ላይ የእንቁላል መፈልፈያ ማሽን እያየ ይመኛል፤ አቅም አልፈቀደም። ሰባኪ የመሆን ምኞት ነበረውና ዶሮዎቹን ሰብስቦ ይሰብክላቸዋል፣ ሲሞቱ ጸሎት አድርጎ ይቀብራቸዋል፣ ቤተሰቡ አንዷን አርዶ ሲያቀርብ ደግሞ አኩርፎ አልበላም ይላል። ካደገ በኋላ፣ ዶሮዎቹ ከአንዳንድ የምክር ቤት ባልደረቦቹ ይልቅ ያዳምጡት እንደነበር እየቀለደ ያወራ ነበር።

ሰው ይህን ሰምቶ ይስቃል፤ እኔም እስቃለሁ። ከዶሮዎቹ ይልቅ የሚገርመኝ ግን ሌላው የልጅነቱ ነገር ነው። ጥጥ በሚለቀምበት ወቅት አባቱ ከትምህርት ቤት ሲያስቀሩት፣ ጠዋት በረንዳው ሥር ተደብቆ ይቆይና የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ሲደርስ ሮጦ ይሳፈር ነበር። ማታ ቁጣ ይጠብቀዋል። ቁጣው ግን የአባት ቁጣ ነው፤ ነገሩም እዚያው ቤት ውስጥ ያልቃል። የሰው መሬት የሚያርስ ቤተሰብ ልጅ እንዲህ ቢያደርግ ጉድለቱ የሚቆጠረው በባለመሬቱ ማሳ ላይ ነው፤ መልስ የሚሰጡትም ወላጆቹ ናቸው። ጆን የሸሸው ከአባቱ ማሳ ስለነበር ቤተሰቡን የሚያባርር ሰው አልነበረም።

ከአጥሩ ውጭ ያለው ዓለም ግን ያው ነበር። በ1951 ክረምት አጎቱ በመኪና ወደ ሰሜን፣ ወደ ቡፋሎ ከተማ ሲወስዱት የመንገዱ ስንቅ በሙሉ ከቤት ተቋጥሮ ነበር የወጡት፤ ደቡቡን እስኪያልፉ ድረስ ገብተው የሚበሉበት ምግብ ቤት የለምና። በ1956 ከእህት ወንድሞቹና ከዘመዶቹ ጋር ወደ ፓይክ ካውንቲ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሄዶ የአባልነት ካርድ ሲጠይቅ ቦታው የነጮች ብቻ ነው ተብሎ ተመለሰ። ካርዱን ያገኘው በ1998፣ የራሱን መጽሐፍ ሊፈርም እዚያው ሲጋበዝ ነው። አርባ ሁለት ዓመት መሆኑ ነው።

በ1957 ቴኔሲ ግዛት፣ ናሽቪል ወደሚገኝ የጥቁር ባፕቲስቶች ኮሌጅ ገባ። ክፍያውን የሚሸፍነው በማዕድ ቤት ድስት እያጠበ ነበር። ልቡ ግን በሰፈሩ ወዳለው፣ ነጮችን ብቻ ይቀበል ወደነበረው ወደ ትሮይ ስቴት ኮሌጅ ነበር። አመለከተ፤ መልስ የለም። ለማርቲን ሉተር ኪንግ ደብዳቤ ጻፈ፤ ኪንግም የአውቶቡስ ትኬት ልከው በ1958 ሞንትጎመሪ ላይ ተገናኙ። ክስ መመሥረት እንደሚቻል፣ ሉዊስ ገና ለአካለ መጠን ስላልደረሰ ግን የወላጆቹ ፊርማ እንደሚያስፈልግ ተነገረው። ልጁ ወደ ቤት ሄዶ ጉዳዩን አቀረበ። ወላጆቹ አሰቡበት፣ አንፈርምም አሉ። መሬታችንን እናጣለን፣ ቤታችን ይቃጠላል፣ ጎረቤቶቻችንም ይጎዳሉ ብለው ሰጉ።

ይህችን ምዕራፍ ብዙዎች በችኮላ ያልፏታል፤ የድሮ ሰዎች ፍርሃት፣ የአዲሱ ትውልድ ድፍረት ብለው። እኔ እንዲህ አላየውም። የአስር ልጆች ወላጆች ዕድሜያቸውን የፈጀውን ብቸኛ ጥሪት በአንድ ፊርማ ላይ አናስይዝም ቢሉ ሒሳብ አዋቂነት ነው። በዚያ ላይ ክሱ ቢቀር ልጁ አልቀረም። በፌብሩዋሪ 1960 ናሽቪል ውስጥ ጥቁር በማያስተናግዱ ምግብ ቤቶች ተቀምጦ ሲታሰር እናቱ ተጨንቀው ከዚህ ነገር ውጣ ብለው ጻፉለት። አልወጣም። በ1961 ጥቁሮችና ነጮች አብረው ተሳፍረው የዘር መለያየትን በተቃወሙበት የአውቶቡስ ጉዞ ሮክ ሂል ላይ ተደበደበ፣ ሞንትጎመሪ ላይ ተደበደበ፣ ሚሲሲፒ ውስጥ ፓርችማን እስር ቤት ገባ። በ1963 በዋሽንግተኑ ታላቅ ሰልፍ ላይ ከተናገሩት ሁሉ በዕድሜ ትንሹ፣ የ23 ዓመት ወጣት፣ እርሱ ነበር። በዚህ ሁሉ ጊዜ ኤዲ ሉዊስን ጠርቶ «ልጅህን ሰብስብ፤ አለዚያ መሬቴን ልቀቅ» የሚላቸው ባለመሬት አልነበረም።

መሬት የሌላቸው ምን እንደገጠማቸው ፋኒ ሉ ሄመርን ማየት ይበቃል። ሚሲሲፒ ውስጥ በአንድ ሰው እርሻ ላይ አሥራ ስምንት ዓመት ሠርተዋል። በኦገስት 1962 ለመምረጥ ሊመዘገቡ ወደ ኢንዲያኖላ ሄደው ሲመለሱ ባለመሬቱ ምዝገባውን ሰርዢ፣ አለዚያ ውጪ አላቸው። በዚያው ሌሊት ወጡ። ባላቸው ግን መከሩ እስኪያልቅ እንዲቆዩ ተገደዱ፤ ጥጡ መለቀም ነበረበትና። ሄመር ነገሩ ስለገባቸው በ1969 አርባ ኤከር ገዝተው የድሆች የጋራ እርሻ አቋቋሙ።

እዚያው ሚሲሲፒ፣ ሆልምስ ካውንቲ ውስጥ ማይልስተን የሚባል ሰፈር አለ። በሩዝቬልት ዘመን መንግሥት ሰፋፊ እርሻዎችን ገዝቶ ከፋፍሎ ለአራሾቹ በረጅም ጊዜ ክፍያ ሸጠላቸው። በኤፕሪል 1963 ለመምረጥ ካልተመዘገብን ብለው በካውንቲው ከተማ በሰልፍ የሄዱት አሥራ አራቱ ገበሬዎች ከዚያ ሰፈር የመጡ ናቸው። የሰልማውም ነገር ከዚህ አይርቅም። ከደም መፍሰሱ በኋላ በዚያው ወር እስከ ሞንትጎመሪ በእግር የተጓዙት ሰልፈኞች ሦስቱን ሌሊት ያደሩት ዴቪድ ሆል፣ ሮዚ ስቲልና ሮበርት ጋርድነር በሚባሉ ጥቁር ገበሬዎች ማሳ ላይ ድንኳን ተክለው ነው። እነዚያ ሦስት ገበሬዎች የሰው መሬት አራሽ ቢሆኑ ኖሮ ያን ሁሉ ሕዝብ ማን ያሳድረው ነበር? በዚያው መንገድ ዳር፣ ላውንድስ ካውንቲ ውስጥ፣ ለመምረጥ ተመዝግባችኋል ተብለው ከባለመሬት ጎጆ የተባረሩ ቤተሰቦች ከዓመቱ መጨረሻ ጀምሮ በድንኳን ኖረዋል።

መሬት ከጥይት አያስጥልም። በሴፕቴምበር 1961 ሚሲሲፒ ውስጥ በምርጫ ምዝገባ ሥራ ይረዳ የነበረውን ኸርበርት ሊን፣ የራሱ እርሻ የነበረውን ገበሬ፣ የግዛቲቱ ምክር ቤት አባል የሆነ ነጭ በጠራራ ፀሐይ ተኩሶ ገድሎታል፤ ገዳዩም አልተቀጣም። መሬት ያስጣለው ከሌላ ነገር፣ ከመዝገቡና ከመባረሩ ነው። ይህ ደግሞ ቀላል አይደለም፤ አብዛኛው አራሽ ዝም የሚለው ተኳሹን ከመፍራት በፊት የነገውን ዱቄት አስቦ ነበርና።

የእኛ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አዲስ አበባ ላይ የወጡትና የሰልማው ቆመጥ የወረደው፣ ሁለቱም በ1957 ዓ.ም. የካቲት ወር ነው። አንዱ ሌላውን የሚያውቅ አይመስለኝም። የእኛው ጥያቄ በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ተመለሰ ተባለ፤ ጭሰኝነት ቀረ፣ መሬቱ ግን የመንግሥት ሆነ። ባለመሬቱ ቀበሌ ሲሆን ገበሬ ምን ያህል ደፍሮ እንደሚናገር ራሱን የቻለ ጽሑፍ የሚወጣው ጉዳይ ነው።

ወደ አላባማ ልመለስ። የሉዊስ ቤተሰብ መሬት ዛሬም በቤተሰቡ እጅ እንደሆነ ጆን ሉዊስ በየንግግሩ በኩራት ይናገር ነበር። እንዲህ ማለት የቻለ ቤተሰብ ጥቂት ነው። በ1920 በአሜሪካ ከዘጠኝ መቶ ሺህ የሚበልጡ ጥቁር ገበሬዎች ነበሩ፤ አሁን ሃምሳ ሺህ አይሞሉም። ብዙዎቹ ያኔም የራሳቸው መሬት አልነበራቸውም፤ የነበራቸውም ቢሆኑ አንዳንዶቹ በብድር፣ አንዳንዶቹ በማስፈራራት፣ ሌሎቹ ደግሞ ጸጥ ባለ የፍርድ ቤት ወረቀት ተነቅለዋል።

ይህ የመጨረሻው እስከ ዛሬ ይሠራል። ጠበቃ መክፈል ያልቻሉ፣ የነጭ ፍርድ ቤትን ያላመኑ ገበሬዎች ኑዛዜ ሳይጽፉ ይሞቱ ስለነበር መሬቱ ሳይከፋፈል ለልጆች፣ ከዚያም ለልጅ ልጆች በጋራ ይተላለፋል። ከወራሾቹ አንዱ፣ ምናልባት መሬቱን አይቶት የማያውቅ ቺካጎ ያለ የእህት ልጅ፣ ድርሻውን ለአንድ የቤት አልሚ ኩባንያ ይሸጣል። ኩባንያው ባለድርሻ ሆነና ፍርድ ቤት ሄዶ መሬቱ ሊከፋፈል ስለማይችል ተሽጦ ገንዘቡ ይከፈለን ይላል። ጨረታ ይወጣል። አሸናፊው ብዙ ጊዜ ራሱ ኩባንያው ነው። ይህን ለመግታት በ2010 ለግዛቶች ሁሉ ሞዴል የሚሆን ሕግ ተረቅቆ ጆርጂያ በ2012፣ አላባማ በ2014 ተቀብለውታል። በሕጉ መሠረት ፍርድ ቤቱ መሬቱን በገበያ ዋጋ ያስገምትና፣ ይሸጥልን ያለውን ወገን ድርሻ የቀሩት ዘመዳሞች ቅድሚያ አግኝተው መግዛት ይችላሉ። ለመግዛት ገንዘብ ያስፈልጋል፣ ጊዜውም አጭር ነው። በአንድ ሰው ስም ያልተመዘገበ የወራሾች መሬት ደግሞ አብዛኛው ባንክ በመያዣነት አይቀበልም።