ልክ በዛሬዋ ዕለት

ጠዋት ታክሲ ውስጥ ኤፍኤም የሚሰማ ሰው ይህችን አባባል ያውቃታል። ጋዜጠኛው ድምፁን ወፈር ያደርጋል። ከጀርባው ዋሽንት ይለቀቃል። «ልክ በዛሬዋ ዕለት…» ከዚያ የተወለደውም የሞተውም፣ ዘውድ የጫነውም ከዙፋን የወረደውም በአንድ ትንፋሽ ይዘረገፋል። ናፖሊዮን ሞተ ሲባል ነፍስ ይማር የሚል ተሳፋሪ የለም። ረዳቱ «ሒሳብ!» ይላል፤ ታሪክም ይቀጥላል።

ነገሩ የቦታ ጥበት ነው። ዓመት ቢበዛ 366 ቀን ነው፤ የታሪክ ተሳፋሪ ግን መዓት ነው። ስለዚህ ጀግናውም ወራሪውም ጠጋ ጠጋ ብለው አንድ ቀን ላይ ይቀመጣሉ። ከጎንህ ማን ይሁን ተብሎ የተጠየቀ የለም።

እንደኔ እንደኔ ከሁሉም የምታስቀው ሚያዝያ 27 ናት። በፈረንጅ ሜይ 5።

ባዶሊዮ ጦሩን ይዞ አዲስ አበባ የገባው በዚህች ቀን ነው፣ በ1928። ንጉሡ ከሦስት ቀን በፊት በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄደዋል። ሙሶሊኒ በዚያው ምሽት ሮም ላይ ሰገነት ወጥቶ ደነፋ። ባዶሊዮም በኋላ «የአዲስ አበባ መስፍን» የሚል ማዕረግ ተሰጠው። አዲስ አበቤን ያማከረ አልነበረም።

አምስት ዓመት አለፈ። ከተማዋ ከጠላት እጅ የወጣችው መጋቢት 28 ቀን 1933 ነው። ንጉሡ ግን በማግስቱ አልገቡም። እንግሊዞቹ የራሳቸው ሰበብ ነበራቸው፤ ንጉሡም የራሳቸው ስሌት አላጡም። ሚያዝያ 27 ስትደርስ፣ ጠላት በገባባት በዚያችው ቀን፣ በእንጦጦ በኩል ከተማ ገቡ። ቂምን በቀን ቆጥሮ መወጣት ይሏል ይሄ ነው። አራት ኪሎ ላይ ሐውልት ቆመላት፤ የድል በዓልም ሆነች።

ከዚያ ደርግ መጣ። ደርግ ንጉሡ የገቡበትን ቀን ማክበር አልተዋጠለትም። የድል በዓሉን አንስቶ መጋቢት 28 ላይ አደረገው። በቃ፣ ሚያዝያ 27 ተራ የሥራ ቀን ሆነች። ሰው ቢሮው ገባ፣ ተማሪው ክፍሉ ገባ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጥመኝ። ካርል ማርክስ የተወለደው ሜይ 5 ቀን 1818 ነው። ጠዋት ማታ በማርክስ ስም የሚምለው መንግሥት፣ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ሐውልት ያቆመለት መንግሥት፣ የማርክስ ልደት የሚውልበትን ቀን ከበዓል ሰርዞ ሠራተኛውን ሥራ አስገባው! ያን ሁሉ የውይይት ክበብ ሲያካሂድ አንድ ካድሬ እንኳን እጁን አውጥቶ «ጓድ፣ ይቺ ቀን ብትታሰብበት» ያላለ አይመስለኝም። ቢልም የሚገጥመውን መገመት ነው። ቀጥሎ ኢሕአዴግ መጣ። ሌኒን በ1983 ግንቦት ከመቆሚያው ወረደ፤ ማርክስ ባለበት ቀረ። ሚያዝያ 27 ደግሞ ወደ በዓልነቷ ተመለሰች። ማርክስን ከአፉ ያወጣው መንግሥት ነው እንግዲህ ለማርክስ ልደት ዕረፍት የሰጠው።

ሌላም አለ። 27 መድኃኔዓለም ነው። ሃይማኖት የሕዝብ ማደንዘዣ ነው ያለው ሰውዬ ልደቱ መድኃኔዓለም ላይ ዋለ ማለት ነው፤ ዝክር አያመልጠውም።

ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ መሪጌታ ግን ይህን አይቀበልም። ፈረንጆቹ በ1900 ፌብሩዋሪን 29 ማድረግ ሲገባቸው ዘለሉት፤ እኛ በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን ስድስት ከማድረግ ንቅንቅ አላልንም። በዚህ የተነሳ ልዩነታችን በአንድ ቀን ሰፋ። ከዚያ በፊት ሜይ 5 የሚውለው ሚያዝያ 28 ላይ ነበር። ስለዚህ ማርክስ የተወለደው በአማኑኤል ነው። ቀልድ አይደለም፤ ዓድዋም ይኸው ነው። ውጊያው በፈረንጅ አቆጣጠር ማርች 1 ቀን 1896 ተደርጎ፣ እኛ የካቲት 23ን ስናከብር ማርች 2 ላይ የምንገኘው በዚችው አንዲት ቀን ምክንያት ነው። ይህን ለኤፍኤሙ ጋዜጠኛ ደውለህ ብትነግረው «እናመሰግናለን፣ ቀጣይ ደዋይ» ይልሃል።

ሜይ 5 ለፈረንጆቹም ብዙ የተሸከመች ቀን ናት። ናፖሊዮን በ1821 ሴንት ሄለና ደሴት ላይ በግዞት ሞተባት። በ1862 ደግሞ የወንድሙ ልጅ ናፖሊዮን ሣልሳዊ ወደ ሜክሲኮ የላከው ጦር በዚያችው ቀን ፑዌብላ ላይ ተመታ። የአጎቱን 41ኛ ሙት ዓመት በሽንፈት አወጣው። ሜክሲኮዎች ውለታ አላቸው እኛ ላይ፤ ጣሊያን አገራችንን ያዝኩ ሲል አንቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች መሐል ነበሩ። ሜክሲኮ አደባባይ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። እነሱም ዋና ከተማቸው ውስጥ «ኢትዮጵያ» የሚባል የባቡር ጣቢያ አላቸው። ሰልፉ እንደኛው ሜክሲኮ ይርዘም አይርዘም እንጃ። ሆላንዶችም ከናዚ ነፃ የወጡበትን በዓል ያከብሩባታል፤ እዚያ ያለ አበሻ የሁለት አገር ድል በአንድ ቀን ይጨርሳል። የዓለም አዋላጆች ቀንም እሷው ናት፤ ማርክስን ያዋለደችውን ሴት ግን ያነሳት የለም።

የድሮ ሰው እንዲህ ያለ ጣጣ አልነበረበትም። መቼ ተወለዱ ሲባል «ጠላት ሲገባ ዳዴ እል ነበር» ይላል፣ አለቀ። አንዱ በኅዳር በሽታ፣ አንዱ በታኅሣሡ ግርግር፣ አንዱ በ77 ድርቅ። ታሪኩ ትልቁ ግንድ ነው፤ ልደቱን እዚያ ላይ ያንጠለጥላል። የዛሬው ሰው ገለበጠው። መጀመሪያ እሱ ተወለደ፣ ከዚያ ታሪክ እየተንጠለጠለበት መጣ። ስልኩን ይከፍትና «ከእኔ ጋር የተወለዱ ታላላቅ ሰዎች» ብሎ ይፈልጋል። አብረውት የተወለዱ ነፍሰ ገዳዮችም አሉ፤ እነሱን ወደ ላይ ገፋ አድርጎ ያልፋቸዋል።

አሜሪካ ያሉት ወገኖቻችን ደግሞ ሌላ ዓለም ናቸው። በስደት በሱዳን በኩል አልፎ የሄደ ብዙ ሰው ቅጹ ላይ ልደቱ ጃንዋሪ 1 ነው። አጎትም፣ ሚስትም፣ የሚስት ወንድምም ጃንዋሪ 1። በዚያ ቀን ፌስቡክ የከፈተ ሰው «መልካም ልደት» ሲጽፍ ጣቱ ይዝላል። ያን ሁሉ ሰው በአንድ ቀን የወለደው ታሪካዊ ክስተት ቅጽ መሙላት ነው።

ሒሳብ ክፍል አንድ ባልደረባ አለን። የልደት ካርዱ ሚያዝያ 27 ይላል። ከማርክስ ጋር መወለዱን ያወቀ ዕለት ነገር ተበላሸ። አዴልም ያን ቀን መወለዷን ቢያውቅም እሷን ብዙ አያነሳትም፤ ዘፈን አይሆንለትም። ፂሙን አሳደገ። የደመወዝ ወረቀት ስንጠይቀው ስለ ትርፍ ጉልበት ያብራራልን ጀመር። አበል ግን እንደ ድሮው ይዘገያል።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ እናቱ ደወሉ። እኛም እንድንሰማ ስልኩን ስፒከር ላይ አደረገው።

«እማዬ፣ እኔ የተወለድኩት ሚያዝያ 27 አይደል? እስኪ ንገሪያቸው።»

«በመድኃኔዓለም ነው የኔ ጌታ። ከፋሲካ በኋላ።»

«አዎ፣ ሚያዝያ።»

«የምን ሚያዝያ? ግንቦት ነው እንጂ! ለግንቦት ልደታ ንፍሮ ስንበላ ሆዴ ውስጥ ትራገጥ አልነበር?»

«ታዲያ ወረቀቱ ላይ ሚያዝያ ያለው ማነው?»

«አባትህ ነዋ። ትምህርት ቤት ሊያስመዘግብህ ሄዶ፣ ከፋሲካ በኋላ በመድኃኔዓለም ነው ሲላቸው ጸሐፊው ሚያዝያ ብሎ ጻፈ። ምሳ በላህ?»

ምሳውን አልበላም። ሽሮው ቀዘቀዘ። ቀስ ብሎ ስልኩን አወጣ፣ ግንቦት 27 በፈረንጅ ስንት እንደሆነ አሰላ፣ ጁን 4 ላይ ደረሰ፣ ወደ ታች እየገፋ አነበበ። አንድ ቦታ ሲደርስ ቆመ። ፊቱ ፈካ አለ።

«አንጀሊና ጆሊ!» አለ።

በማግስቱ ፂሙን ተላጭቶ መጣ።